ሰፊው እጅጌና ያልጠጣሁት ወተት

ኅዳር 3 ቀን 2017፣ ሮቤ

እንግዳው ተመልሷል። ግራ ብብቴ ሥር፣ እዚያው የለመደው ቦታ። ሳይጠራ ይመጣል፣ ቢለምኑት አይሄድም፣ ሲሄድም ጠባሳውን ጥሎልኝ ይሄዳል። ሌላ ሰው ብጉንጅ ይለዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ስለኖርኩ እንግዳው እለዋለሁ፤ ቢያንስ ሰው ፊት ስሙን ስጠራ ለማንም አይገባውም።

ፋርማሲ ሄድኩ። ልጅቷ ገና በሩን ሳልፍ ካፕሱሉን ከመደርደሪያው አወረደች። «የተለመደው ነው አይደል?» አለችኝ፣ ሻይ ቤት የገባሁ ይመስል። ቤት ስደርስ እማዬ አንዱን ካፕሱል ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው። ሌላውን በውሃ ዋጥኩት። በውስጥም በውጭም ከበነዋል ማለት ነው። ሁልጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የምጽፈው መብራት ስለጠፋ ነው። የልብስ ስፌት ማሽኔ በመብራት ይሠራል፤ ሲኖር እሰፋለሁ፣ ሲጠፋ ደብተር አወጣለሁ። በዚህ አያያዙ የሮቤ መብራት ደራሲ ሳያደርገኝ አይቀርም።

ኅዳር 7

ለራሴ ቀሚስ ሰፋሁ። እጅጌው ሰፊ፣ ብብቱ ሥር ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ የገባበት፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ብትገባበት የማይጠባት። ጨርቁ እንግዳውን አይነካውም፣ እንግዳውም ጨርቁን አያቆሽሽም። እንደ ልብስ ሰፊነቴ አፍሬበታለሁ። እንደ በሽተኛነቴ ግን ዛሬ ትንሽ ተነፈስኩ።

ሠርከአዲስ ወዲያው አየችው። ሠርከአዲስ ከሱቄ ጋር ግድግዳ የምትጋራ የብትን ጨርቅ ነጋዴ ናት። ወላጆቿ ከሆሳዕና ለንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ዐይኗ ያለ ሜትር ይለካል፣ አፏም ሳይጠየቅ ይናገራል።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት እጅጌ ነው?»

«የዱባይ ሞዴል ነው።»

«ስም የለውም?»

«ነፋሻ ይባላል» አልኳት። ውሸት ከጀመሩት ስሙንም ማውጣት ግድ ነው።

ኅዳር 9

ሦስት ሴቶች ነፋሻ አዘዙኝ። አስተግፊሩላህ።

ኅዳር 14

ሙባረክ ደወለ። የሚነዳው የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ላይ ተቀምጦ ስለሚደውል የምሰማው ግማሹን እሱን፣ ግማሹን ስንዴውን ነው። ዛሬ የያዝኩት ወሬ ይህ ነው፦ ስንዴው ጥሩ ነው፣ አቧራው መጥፎ ነው፣ እናቱ ሰላም ብለውኛል።

ሙባረክ እጮኛዬ ነው። አምና «ቱታዬን አጥብቢልኝ» ብሎ መጣ፣ ልኩን ወሰድኩለት። ከዚያ ያልተቀደደ ልብስ ሁሉ እያመጣ «ጠግኚልኝ» ይለኝ ጀመር። የሚጠገን ነገር ሲያልቅበት ሽማግሌ ላከ። ቤተሰብ ተስማምቷል፤ ኒካሁ ከአጨዳው በኋላ፣ ረመዳን ሳይገባ ነው።

ስለ እንግዳው አያውቅም። እነግረዋለሁ። ዛሬ ልነግረው ነበር፣ ስንዴው ጮኸብኝ።

ኅዳር 20

ተናድጃለሁ። ሙባረክ ኮምባይነሩ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን እረፍት አገኘ። ሰው ቢሆን ይተኛል። እሱ ብየዳ የሚችል ጓደኛውን ይዞ ሱቄ መጣና የተሰፋ ልብስ የምሰቅልበትን ብረት ከላይ ነቅሎ እስከ ደረቴ አውርዶ አስበየደው። ማን ጠየቀው? «እንዲህ ሲሆን ያምራል» አለ። ምኑ ነው የሚያምረው? ረጃጅሙ ጅልባብ ሁሉ የሱቁን ወለል እየጠረገ ነው! ሌላው እጮኛ አበባ ያመጣል፣ የኔው ብረት ይበይዳል።

ማታ ላይ ሳስበው ልብስ ስሰቅል ሳወርድ ውዬ ግራ ክንዴ እንደወትሮው አላመመኝም። አጋጣሚ ነው።

ኅዳር 26

ትኩሳት። ግራ እጄ ከትከሻ በላይ እንቢ አለ። የሰው የሙሽራ ቀሚስ በእጄ ነው። ካፕሱል አለቀ፣ ሌላ አመጣሁ። ሆዴን እየላጠኝ ነው። እማዬ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሙሽራ ነሽ» ትላለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ታኅሣሥ 2

ጎባ ሄድኩ። ለሠርከአዲስ «ክር ልገዛ ነው» አልኳት። ክር የምትሸጠው ራሷ ናት። ውሸት ላይ እንኳ ትጉህ አይደለሁም።

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሩሀማ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቁስሉን ስታይ ፊቷ ያልተለዋወጠ የመጀመሪያ ሰው።

«አንቲባዮቲኩን ማን አዘዘልሽ?»

«እማዬ።»

«እናትሽ ሐኪም ናቸው?»

«አይደለችም፣ ግን ልምድ አላት።»

«እስከ መቼ ትወስጂዋለሽ?»

«እስኪሻለኝ።»

«ሲሻልሽስ?»

«የተረፈውን ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ።»

ሳቋን የዋጠችው መሰለኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። የበሽታው ስም ከሮቤ ጎባ መንገድ ይረዝማል፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት ይህን ነው፦ ካለመታጠብ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እኔ ስንት ዓመት ራሴን በሳሙና ስቀጣ ኖሬ! ሰውነቴን የሚጠብቀው መከላከያ ራሱ ነው የሚያቆስለኝ። «ዘበኛ ቀጥረሽ ዘበኛው አንቺኑ ሲደበድብሽ ማለት ነው» አለችኝ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንዳለሁት በአንቲባዮቲክ መቀጠል ነው። ያበጠውን ያረጋጋል፣ ግን ዘበኛውን አይመክረውም፤ እንደኔ ደግሞ እየጀመሩ ካቆሙት ጀርሞቹ ይለምዱትና ለእውነተኛ ቀን አይሠራም። ሌላው የመከላከያውን ኃይል የሚቀንስ ኪኒን ነው፣ ዘበኛውን ማለዘብ። እሱም ዕዳ አለው። የደም ምርመራ በየጊዜው፣ ከሚያስል ሰው መራቅ፣ ትንሽ ትኩሳት ሲነካኝ ወደ እሷ መሮጥ። መጀመሪያ ደግሞ ሳንባዬ ውስጥ የተኛ ቲቢ አለመኖሩ ይታያል፤ ዘበኛው ሲለዝብ እንዳይነሳ።

«ሁለቱንም ብተውስ?»

«ጠባሳው ክንድሽን እየሰበሰበ ይሄዳል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ።»

ግራ እጄን አየችው። ገባኝ።

ለአሁኑ እብጠት አንቲባዮቲኩን በሥርዓቱ እስከ መጨረሻው እንድወስድ ሰጠችኝ። ስለ ኪኒኑ «አስቢበት፣ አብረን እንወስናለን» አለች። ልትሸኘኝ ስትነሳ ነው ዋናውን ነገር የጣለችው።

«ካሁን ጀምሮ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ወተት የለም።»

«ወተት? ዶክተር፣ እኔ እኮ የባሌ ልጅ ነኝ!»

«በጥሬው የሚመጣ በሽታ አለ፣ ዘበኛው ሲለዝብ አንቺን አይምርም። አፍልተሽ ጠጪ። ደግሞ ልጅ ስታስቢ አስቀድመሽ ንገሪኝ።»

«ማን? እኔ?» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ቤት እስክደርስም አልበረደም።

ታኅሣሥ 5

መብራት የለም፣ ስለዚህ እያሰብኩ ነው።

አንቲባዮቲኩን አውቀዋለሁ። ሆዴን ይልጣል፣ እንግዳውን ለጊዜው ያባርራል፣ እንግዳው ዞሮ ይመጣል። ኪኒኑን አላውቀውም። ለእማዬ ነገርኳት።

«ዘበኛውን አስተኝተሽ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» አለችኝ።

«አይተኛም እማዬ፣ ይለዝባል።»

«የለዘበ ዘበኛ አይቼ አላውቅም። ወይ ይጮሃል ወይ ያንኮራፋል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የብብቴን ብጥለው ደስታዬ ነው። የምፈራው የቆጡን ነው። የቆጡ ኮምባይነር ላይ ተቀምጦ እናቱ ሰላም እንዳሉኝ ይነግረኛል።

ታኅሣሥ 10

ገበያ ነበር። የፈራሁት መጣ፣ ያውም በጮጮ ሆኖ።

የሙባረክ እናት አዮ ደጊቱ፣ አዮ እማማ እንደማለት ነው፣ ከዲንሾ ወዲህ ካለው ደጋ ቅቤ ሊሸጡ ይወርዳሉ። ዛሬ ሸጠው ሲጨርሱ የወተት ዕቃቸውን፣ ጮጮዋን፣ በነጠላቸው ሸፍነው ሱቄ ገቡ። በነሱ ወገን ጮጮ ይናገራል። አማት ለታጨችው ልጅ ወተት በእጇ ትሰጣለች። ልጅቷ ጠጥታ ባዶውን ከመለሰች ቤታችሁን ወድጃለሁ ማለት ነው። ሙሉውን ከመለሰች ግን ሽማግሌ የጨረሰውን ጮጮ ያፈርሰዋል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ አዮ። እርስዎስ እንዴት ከረሙ?»

«ዱጊ» አሉኝ በሁለት እጃቸው ዘርግተው። «ጠጪ፣ ዛሬ የታለበ ነው። ስሙ ወተት ይባል እንጂ እናት ነው።»

የጮጮዋ ጢስ ሽታ ምራቄን አመጣው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ፆመኛ ነኝ፣ አዮ። የረመዳን ቀዳ አለብኝ፣ የቀረብኝን ቀን እየከፈልኩ ነው።»

«ማሻአላህ!» አሉ። ወተቱን ለእማዬ ላኩላትና «የሚቀጥለው ገበያ እያየሁሽ ትጠጫለሽ» አሉኝ። ከዚያ መኪናቸው እስኪሞላ ሱቄ ተቀመጡ። ሠርከአዲስ ትኩስ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። እያየሁት ቀዘቀዘ። አላህ ውሸታምን በሳምቡሳ ይቀጣል።

ታኅሣሥ 17

ገበያ። ጮጮ። «ቀዳ አለብኝ፣ አዮ።»

«ያ ረቢ! ልጄ፣ አምና ረመዳንን ጨርሶ አልፆምሽም እንዴ?»

ሠርከአዲስ ጨርቅ ውስጥ ገብታ ሳቀች። እኔ ደግሞ ከቤት የያዝኩትን ምሳ ከማሽኑ ሥር በእግሬ ገፋሁት።

ታኅሣሥ 22

ውጤት መጣ። ሳንባዬ ንጹህ ነው፣ ደሜም ደህና ነው። ይህን ሁሉ የአጨዳ አቧራ ስበላ ከርሜ ንጹህ መባሌ ገረመኝ። ዶክተር ሩሀማ ኪኒኑን አዘዘችልኝና «አንቲባዮቲኩን ስትጨርሺ፣ ከፈለግሽ ትጀምሪያለሽ። ካልፈለግሽም ነይና እንነጋገር፣ ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ» አለችኝ። ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እኔም በየደቂቃው ቦርሳዬን እነካለሁ።

ነፋሻ ዛሬም ታዘዘ። የሮቤ ሴቶች ሁሉ ብብታቸው የታመመ ይመስል በሰፊ እጅጌ ይንሳፈፋሉ።

ጥር 1

ምን አደረግሁ።

አዮ ደጊቱ መጡ። ቀዳ ማለት አልችልም። ሆዴን አሞኛል ብል መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ። አጠገባቸው ሁለት የአገራቸው ሴቶች ቆመው ነበር፣ ሠርከአዲስም በሩ ላይ። ጮጮዋን ተቀበልኩ። አንድ ጊዜ ብጠጣ ምን እሆናለሁ ብዬ አፌ ጋ አደረስኳት። አረፋው ከንፈሬን ነካኝ። ያኔ ዶክተር ሩሀማ ግራ እጄን ያየችበት አስተያየት ትዝ አለኝ።

መለስኩላቸው። ሙሉዋን።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ክዳኗን ገጠሙ፣ በነጠላቸው ሸፈኗት፣ «ናጋ» ብለው ወጡ። ሰላም ዋይ ማለታቸው ነው። አምላኬ፣ ሌላ ቃል ቢጠፋኝ «አሞኛል» ማለት ምን ነበረበት? ፈሪ ነኝ። ድንኳን የሚያክል እጅጌ ሰፍቼ ውስጡ ተደበቅሁ።

ጥር 2

ሙባረክ አልደወለም።

ጥር 3

ደወልኩ። ዝግ ነው። ጊኒር በኩል ለአጨዳ ወርዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ወይም አለ።

ጥር 5

ሠርከአዲስ የገበያውን ወሬ ይዛ ገባች። «የሮቤዋ ልጅ ጮጮ መለሰች፣ ከተሜ አግኝታ ነው አሉ። አንዷማ የዱባይ ሰው ነው አለች።»

«የዱባይ?»

«ሞዴሉን ማን ላከልሽ ታዲያ?»

አለቀስኩ። ከዚያ ነገርኳት፣ ሁሉንም፤ እንግዳውን፣ ጎባን፣ ኪኒኑን፣ ወተቱን። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው «ጠበል ልውሰድሽ?» ነበር። ቀጥላ «ኪኒኑንም ዋጪ፣ ጠበሉ አይቀየምም» አለች። ደግሞ ለካ ታውቃለች። ግራ እጄን ስቆጥብ ዓመት ሙሉ አይታ ነው ከባዱን ጣቃ ራሷ እያወረደች የምትሰጠኝ። እኔ የጨርቅ ስስት መስሎኝ አማኋት።

ጥር 8

ገበያ ነበር። አዮ ደጊቱ አልመጡም። ቅቤያቸውን ሌላ ሰው ሸጠው።

አንቲባዮቲኩ አልቋል። እብጠቱ ቀንሷል። እንዲህ ሲቀንስ ነው የሚያታልለኝ፤ «ተሻለሽ እኮ፣ ኪኒን ምን ያደርጋል፣ ወተትሽን ጠጪና ባልሽን አግቢ» ይለኛል። እማዬም እንደዚያው ትለኛለች። እኔም ራሴን እንደዚያ ስል ሰማሁት። ሦስት ሆነን አንድ ጠባሳ ልናታልል።

ጥር 12

ሙባረክ መጣ! ከነአቧራው፣ ገለባ ፀጉሩ ውስጥ፣ ከጊኒር ቀጥታ። እናቱ ነግረውታል። ሱቁ ውስጥ ቆመና «ወላሂ ካልፈለግሽኝ ንገሪኝ፣ ቱታዎቼን ይዤ እሄዳለሁ» አለኝ። ሊቀልድ ነበር፣ ድምፁ ግን አልቀለደም።

«አሞኛል» አልኩት። እንዲህ አጭር ነው። ሁለት ወር የፈራሁት ነገር አንዲት ቃል ነበረች።

«የግራው ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። መጀመሪያ ቀን ልኬን ስትወስጂ በቀኝ እጅሽ ብቻ ዞርሽኝ። ኩሽኔታው የያዘ ማሽን እንደዚያ ነው የሚዞረው።»

ብረቱን አየሁት። ደረቴ ድረስ የወረደውን፣ የተሳደብኩበትን ብረት።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንቺ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። እስከዚያ ደግሞ እጄ ሥራ ፈታ።»

ስለ ኪኒኑ ሁሉንም ነገርኩት፣ ስለ ልጅ የተባለውንም፣ እሱ ላይ ጆሮው ቀላ። «ምን ትያለሽ ራስሽ?» አለኝ። «እጄን እፈልጋታለሁ» አልኩ። «እንግዲያው ምን ቀረ? እናቴ ብጉንጅ አይፈሩም።» እኔም ቀረ ብዬ አላሰብኩም። ሳቅን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳምቡሳ ጋብዤው በላን።

ጥር 15

የቀረው ነገር ነበር።

ሙባረክ እናቱን ለምኖ አመጣቸው። ከመጋረጃው ኋላ ወሰድኳቸውና ሰፊውን እጅጌ ገልጬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ጠባሳውን ዳር ዳሩን ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ብቻ ነው?» አሉ።

«ይሄ ብቻ ነው፣ አዮ።»

«ለዚህ ነው ልጄን ያስለቀስሽው? የኔን ጀርባ ብታዪ! እሾህ የወጋኝ፣ በሬ የወጋኝ፣ ሁሉም አለ። ይሄ ምንም አይደለም፣ ኢንታላ ኮ።» አቀፉኝ። ቅቤ ቅቤ ሸተቱኝ፣ አልቅሼ ልብሳቸውን አረጠብኩት። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝና አፌን ከፈትኩ።

«ወተቱንም እጠጣለሁ፣ አዮ፣ ከፈላ።»

«ከምን?»

«ከፈላ። በእሳት።»

ለቀቁኝ። «ወተቴን? በእሳት?»

እኔ የከተማ ልጅ፣ ይህን አላውቅም ነበር። በሳቸው ቤት ወተት እሳት ካየ የታለበችው ላም ትነጥፋለች። እናታቸውም አያታቸውም ወተት አፍልተው አያውቁም። ቁስሌን በጣታቸው የነኩ ሴት ድስት ሲሰሙ ፊታቸው አመድ ሆነ። ሙባረክ «እናቴ፣ ሐኪም ነው ያለው» አላቸው። «ሐኪሙ ላም አለው?» አሉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው አዩኝ። «አንቺን አልጠላሁም» አሉ። «ግን ላሞቼ ምን አደረጉሽ?»

ሁለት ወር ብብቴን ስደብቅ ኖሬ ያጣላን ድስት ነው።

ጥር 18

ኪኒኑ መዳፌ ላይ ነው። ትንሽ ነገር ናት።

ብተዋት ጥሬውን ጠጥቼ ጮጮዋን ባዶዋን እመልሳለሁ፣ ሠርጉ ይሆናል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እንግዳውም ሠርጉ ላይ ይገኛል። ብውጣት እኚህ ደግ ሴት ዓመቱን ሙሉ ሲያዩኝ ላሞቻቸው ትዝ ይሏቸዋል። አማት ያልወደደቻት ሙሽራ መሆን ያስፈራኛል፣ አልዋሽም፣ በጣም ያስፈራኛል። ዛሬ ግን የተለጠፈች ኪስ ልፈታ ግራ እጄን ሳነሳ ጠባሳው እንደ አጠረ ክር ሳበኝ። ክር ሲያጥር ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ስፌቱ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያቃናውም።

ቢስሚላህ ብዬ ዋጥኳት።

ጥር 29

ገበያ። አዮ ደጊቱ ዛሬም የሉም። ኒካሁ ቀኑ ሳይቆረጥ የካቲት ሊገባ ነው።

ደሜ ታይቶ ደህና ነው። ፊቴን በማስክ ሸፍኜ እሠራለሁ። ሠርከአዲስ የሚያስል ደንበኛ ሲመጣ ከበሩ ትመልሰዋለች፤ አንዱን ሰውዬ «ልክዎን በስልክ ይላኩ» አለችው። እማዬ በየቀኑ ግንባሬን እየነካች «ዘበኛው እንዴት አደረ?» ትለኛለች። ሙባረክ ደግሞ ከደጋው በመጣ ቁጥር ስለ እናቱ ስጠይቀው «እያሰቡ ነው» ይለኛል። «እናቴን በሐኪም ትእዛዝ አልጠመዝዛቸውም» ብሏል። እኔም አልጠመዝዛቸውም።

እጄ ዛሬ ትንሽ ከፍ አለች። «ብረቱን ወደ ላይ ልመልሰው?» አለኝ ሙባረክ። «ተወው» አልኩት። ጅልባቡን ማሳጠር ይቀላል።

የካቲት 6

ይህን የምጽፈው መብራት እያለ ነው። ሦስት ነፋሻ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ትቼ።

ገበያው ሊበተን ሲል አዮ ደጊቱ ገቡ። ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተሸፍነዋል፣ ሌባ ይመስላሉ። ግራ ቀኝ አይተው መጋረጃውን ራሳቸው ሳቡት። ከነጠላቸው ሥር ጮጮዋን አወጡ። ጢሷ የድሮው ጢስ አይደለም፤ የእሳት፣ የጥቁር ድስት ሽታ አለው።

«አዮ፣ ምን አደረጉ?»

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቤቴ አላፈላሁትም። ወንዙን ተሻግሬ ጎረቤት ቤት ወሰድኩት፣ ላሞቹ እንዳያዩኝ።»

«ከነጠፉስ?»

«አስቤበታለሁ። ላም ብትነጥፍ ሌላ ትወልዳለች። ሙባረክ ሌላ አንቺን ከየት ያመጣል?» ከዚያ እንደ መቆጣት አሉ። «ዱጊ! ይበርዳል።»

በሁለት እጄ ተቀበልኳት፣ ግራዬም እስከ አፌ ድረስ ተነሳች። ወተት ማፍላት እንደማያውቁ ወዲያው ገባኝ። ክፉኛ አርሯል፣ ከሥሩ ተያይዟል፣ ጥቁር ጥቁር ነገር ይንሳፈፋል። በዕድሜዬ እንዲህ የሚመር ወተት ቀምሼ አላውቅም። ዐይን ዐይኔን እያዩ ጠበቁ።

እስከ ጠብታው ጠጣሁትና ጮጮዋን ባዶዋን መለስኩላቸው።